መብራቱ በፈረቃ፣ ምጣዱስ?

በአዲስ አበባ ዙሪያ ካሉ አጥቢያዎች የሴቶች ኅብረት አባላት በተገናኘን ቁጥር ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ "እናንተ ሰፈር መብራት አለ?" የሚለው ነው። የገላኗ ትጠይቃለች፣ የሰበታዋ ትመልሳለች፣ የቡራዩዋና የሱሉልታዋ ደግሞ የየራሳቸውን ይጨምራሉ። ከተሞቻችን በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም ይህ ጨዋታችን አልተለወጠም።

በአጥቢያችን እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ሦስት ልጆች የምታሳድግ አንዲት እህት አለች። ስሟን አልጠራም፤ በየሰፈራችሁ የምታውቋት ዓይነት ሴት ናት። መብራት ሲሄድ በእኛ ቤት ቴሌቪዥን ይጠፋል፣ ልጆች በሻማ ያጠናሉ። በእርሷ ቤት ግን ገንዘብ ወጥቶበት የተቦካው ሊጥ ቆሞ ይኮመጥጣል። ደንበኞቿ አንድ ቀን ይታገሣሉ፣ ሁለት ቀን ይታገሣሉ፣ በሦስተኛው ቀን ከሌላ ቤት ይገዛሉ። የቤት ኪራዩ ደግሞ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። እንግዲህ ስለ ኤሌክትሪክ ስናወራ ስለ እንጀራ ማውራታችን ነው፣ በሁለቱም ትርጉሙ።

ፈረቃ ለእኛ አዲስ አይደለም

አገራችን ከምታመነጨው ኤሌክትሪክ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው ከውሃ የሚገኝ ነው። ክረምቱ ሲያንስ ግድቡ ይጎድላል፣ ግድቡ ሲጎድል ፈረቃ ይመጣል። በ1995 ዓ.ም. ድርቁን ተከትሎ ፈረቃ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የባሰው መጣ፤ አንድ ቀን አግኝተው አንድ ቀን የሚያጡ ሰፈሮች ብዙ ነበሩ። በ2002 ዓ.ም. ተከዜ፣ ጊቤ ሁለትና በለስ ሲመረቁ እፎይ አልን። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ግን የጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ ቀንሶ የ476 ሜጋ ዋት እጥረት መፈጠሩን በወቅቱ የውሃ፣ መስኖና ኢነርጂ ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ስለሺ በቀለ አስታወቁ። ለጎረቤት አገሮች የሚሸጠው ኃይል ሳይቀር ተቋርጦ፣ በየቤታችን በቀን ለአምስት ሰዓት ያህል በፈረቃ መጥፋት ጀመረ።

ያን ጊዜ አንድ ደግ ነገር ነበረው፤ ሰዓቱ ይታወቅ ነበር። የቤት እመቤት ሰዓቱን ካወቀች ቤቷን ታስተካክላለች። እኔ እንደ እናት ብጠየቅ፣ ባልታሰበ ሰዓት ከሚመጣ መብራት በታወቀ ሰዓት የሚሄደውን እመርጣለሁ።

ግድቡ ካለቀ ለምን ይጠፋል?

ይህን የማይጠይቅ የለም። ከደመወዛችን እየቆረጥን ቦንድ የገዛንበት ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። አሥራ ሦስት ተርባይኖች አሉት፤ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ነገር ግን ኃይል ማመንጨት አንድ ነገር ነው፣ ያን ኃይል እስከ እኛ ምጣድ ማድረስ ሌላ። በርሜሉ ሙሉ ቢሆንም ቧንቧው ከጠበበ ባልዲው ቶሎ አይሞላም። ከግድቡ እስከ ቤታችን ከፍተኛ መስመሮች፣ ማከፋፈያ ጣቢያዎች፣ የሰፈር ትራንስፎርመሮችና ምሰሶዎች አሉ። ከገላን ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኙን ተመልከቱ፤ ፋብሪካው፣ መጋዘኑ፣ አዲሱ መኖሪያ ቤት ሁሉ ኃይል ይፈልጋል። ጥቂት ቤት ሳለ የተተከለ ትራንስፎርመር ዛሬ የመንደሩን ሁሉ ምጣድ ተሸክሞ ይቃጠላል።

ስለዚህ አሁን የምናየው ታቅዶ የሚደረግ መቋረጥ ብዙውን ጊዜ ከጥገና ጋር የተያያዘ ነው። መስመር ሲቀየር፣ ትራንስፎርመር ሲተከል ሠራተኞቹ ለሕይወታቸው ሲሉ ኃይሉን ማቋረጥ አለባቸው። የቀድሞው ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ከተከፈለ ወዲህ የማመንጨቱ ሥራ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ እኛን በቀጥታ የሚመለከተን የማከፋፈሉ ሥራ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። አገልግሎቱ የሚቋረጥባቸውን ሰፈሮችና ሰዓቶች አስቀድሞ በማኅበራዊ ገጾቹ ያወጣል። ከእኛ መካከል ስልክ መነካካት የምትወድ አንዲት ወጣት ማስታወቂያውን እየተከታተለች ለኅብረቱ አባላት መልእክት ትልካለች። በድንገት ለሚጠፋው ደግሞ 905 ደውሎ ማስመዝገብ ነው። "ጎረቤት ደውሏል" እያልን ሁላችን ዝም ያልንበት ሰፈር ጨለማው ይረዝማል።

ከገላን ብዙም ሳይርቅ፣ በአቃቂ ወንዝ ላይ፣ የአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ አባ ሳሙኤል ይገኛል። ሥራው በ1920ዎቹ የተጀመረ ሲሆን፣ ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ከቆየ በኋላ በ2009 ዓ.ም. በቻይናውያን እርዳታ ታድሷል። አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ይወስዳል። ስናካፍለው አባ ሳሙኤል በሙሉ አቅሙ ቢሠራ በአንድ ጊዜ ሊያግል የሚችለው 1,900 የማይሞሉ ምጣዶችን ብቻ ነው። ገላን ብቻዋን ትጨርሰዋለች ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ከምጣዱ እንጀምር

መብራት፣ ስልክና ቴሌቪዥን ተደምረው የምጣዱን ሩብ አይወስዱም። ስለዚህ የቤታችን ዝግጅት ከምጣዱ መጀመር አለበት።

አንደኛ ነገር ሰዓቱ ነው። ምሽት ከአሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ሁሉም የሚያበራበት፣ ትራንስፎርመሩም የሚጨናነቅበት ጊዜ ነው። የምትችሉ ንጋት ላይ ወይም እኩለ ቀን ላይ ጋግሩ። ምጣዱ አንዴ ከጋለ በኋላ ሳታቋርጡ መጨረስ ይሻላል፤ ለማጋያው ብቻ የሚጠፋው ኃይል ቀላል አይደለም። ለሁለት ጎረቤት በአንድ ምጣድ ተራ መጋገርም ይቻላል። እናቶቻችን ያደርጉት ነበር።

ሁለተኛው ሊጡ ነው። መብራቱ መምጣቱን ሳታረጋግጡ አብሲት አትጣሉ። መብራት ከዘገየ ላዩ ላይ የጠለለውን ውሃ እየደፋችሁ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ተኩ፣ ዕቃውንም ቀዝቃዛ ቦታ አኑሩ፤ ኩምጣጤው ይቀንሳል። ከተጋገረ በኋላ የተረፈውን እንጀራ ሳይሻግት በፀሐይ አድርቃችሁ ድርቆሽ አድርጉት። ቋንጣው፣ በሶው፣ ዳቦ ቆሎው፣ በአካባቢያችን የሚወደደው ጭኮም እንዲሁ ናቸው። አያቶቻችን ያለ ማቀዝቀዣ ኖረዋል፤ ጓዳቸው ግን ባዶ አልነበረም።

ሦስተኛው ሁለተኛ ምድጃ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ መጋገር እንጨት ይበላል፣ ዓይን ያጠፋል፣ ሳንባ ይጎዳል። "ምርጥ" የሚባለው ከሲሚንቶ የሚሠራው የእንጀራ ምድጃ እሳቱን ከልሎ ስለሚይዝ እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ለወጥ ደግሞ "ላቀች" የከሰል ምድጃ ከተራው የብረት ምድጃ ይቆጥባል። ከብት ያላችሁ የሰበታና የሱሉልታ እህቶች ከእኛ የተሻለ ዕድል አላችሁ። አራት ያህል ከብት ያለው ቤት በእበት የሚሠራ ባዮጋዝ ማስገባት ይችላል። ወጥና ቡና ያበስላል፣ አምፖል ያበራል፣ የሚወጣው ዝቃጭ ደግሞ ለጓሮ ጎመን ማዳበሪያ ይሆናል። ነገር ግን በየቀኑ እበትና ውሃ የሚያማስል ሰው ይፈልጋል፤ ሰነፍ ቤት አይበረክትም።

ፀሐይ ምን ትችላለች?

ወንዶችም ይህን ክፍል አንብቡት፣ ገበያ የምትወጡት እናንተ ናችሁና። ሻጮች "ቤቱን ሁሉ ይሸከማል" ይሏችኋል። እስቲ እናስላው። 100 ዋት የሆነ የፀሐይ ሰሌዳ በበጋ ቀን፣ በመንገድ የሚባክነው ተቀንሶ፣ 400 ዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ሰባት ሰባት ዋት የሆኑ አራት አምፖሎች ለአራት ሰዓት ቢበሩ 112፣ ሦስት ስልክ ሲሞላ 45፣ አርባ ዋት ቴሌቪዥን ለሦስት ሰዓት 120 ይወስዳል። ድምሩ 277 ነው፤ ለትንሽ ሬዲዮም ይተርፋል። ምጣድ ግን ሁለት ሰዓት ሲጋግር 7,000 ዋት ሰዓት ይወስዳል። ያ ሰሌዳ አሥራ ሰባት ቀን ሙሉ የሚሰበስበው ነው! ካውያም፣ የኤሌክትሪክ ምድጃም ከዚህ ወገን ናቸው። እንግዲህ ፀሐይን ለብርሃን፣ ለስልክና ለጥናት እንጠቀምባት፤ ለእሳት ሌላ እንፈልግ።

ሰሌዳው ወደ ደቡብ ጥቂት አዘንብሎ ይቀመጥ። የገላን አቧራ ዝም ብሎ አይተወውም፣ በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። በክረምት የሚሰጠው በእጅጉ ስለሚቀንስ ስሌታችሁን በሐምሌ ሰማይ እንጂ በጥር ሰማይ አትሥሩ። ተራው የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ደጋግሞ ከወረደ ዕድሜው ያጥራል። ሊቲየሙ ዋጋው ይከብዳል፣ ግን ይቆያል።

ከጨለማው የሚከፋ

ሱሉልታ ብርዱ ጽኑ ነው፤ ገላንም በክረምት አይተናነስም። መብራት ሲጠፋ ከሰል አቀጣጥሎ መኝታ ቤት ማስገባት የተለመደ ነው። እባካችሁ ይህን ተዉ። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ስላለቀ መርዙ አለቀ ማለት አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ የተኛውንም ሳይነቃ ይወስደዋል። ጀነሬተርም በረንዳም ቢሆን መስኮት ሥር አይቀመጥ። ከቤት መስመር ጋር የሚያያዝ ከሆነ በባለሙያ የተገጠመ መቀያየሪያ ያስፈልገዋል። አለዚያ ከቤታችሁ የሚወጣው ኃይል ወደ ምሰሶው ተመልሶ በጥገና ላይ ያለውን የሰው ልጅ ይገድላል።

ሌላው በአጭሩ፦ መብራት ሲሄድ ማቀዝቀዣውንና ቴሌቪዥኑን ንቀሉ፤ ሲመለስ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ስለሚል ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩ። ያልተከፈተ ማቀዝቀዣ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ጀሪካኖችን አስቀድማችሁ ሙሉ፤ የአቃቂ ጉድጓዶችም ሆኑ የፎቅ ቤት ፓምፖች ያለ ኤሌክትሪክ ውሃ አይገፉም። በቤቱ ኢንሱሊን የሚወስድ ካለ ስለ አቀማመጡ ፋርማሲስቱን ዛሬውኑ ጠይቁ።

በአጥቢያችን የጀመርነው

ሽማግሌዎቻችን ለአምልኮ ድምፅ ማጉያ ጀነሬተር ሊገዙ ሲነጋገሩ፣ የነዳጁ ወጪና ጩኸቱ ታስቦ ባትሪና የፀሐይ ሰሌዳ ተመረጠ። ኪቦርዱ፣ ሚክሰሩና ማጉያው ለሁለት ሰዓት አምልኮ የሚወስዱት አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት አይሞላም። ባትሪው ግን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለ ሥራ ይቀመጥ ነበር። የሴቶች ኅብረት ጠየቀና አሁን መብራት በሌለባቸው ምሽቶች አዳራሹ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ይከፈታል። አማኝም ይሁን አይሁን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ገብቶ ያጠናል። ወላጆች በተራ ይጠብቃሉ።

ዕቁብም ጀምረናል። አሥራ አራት ሴቶች ነን፤ ባለ ዕጣዋ ገንዘቡን ምድጃ ወይም የፀሐይ መብራት ትገዛበታለች፤ ለሌላ ነገር አይሰጥም። የመጀመሪያውን ዕጣ ሳናወጣ ተስማምተን ለዚያች እንጀራ ለምትሸጠው እህት ሰጠናት። "ምርጥ" ምድጃ ገዝታ በጓሮዋ ቆርቆሮ ሥር አስቀመጠች። መብራት ባለበት ቀን በኤሌክትሪክ፣ በሌለበት ቀን በእንጨት ትጋግራለች። የእንጨቱ ዋጋ ከኤሌክትሪኩ ስለሚበልጥ በእነዚያ ቀናት ትርፏ ይሳሳል፤ ደንበኞቿ ግን አልሄዱም። ቀጣዩ ዕጣ በወሩ መጨረሻ ይወጣል።