ኩሽኔታ፦ ልጆቻችን የሚጋልቡት ሳይንስ

ትምህርት ቤት ሲዘጋ በጉለሌ ሠፈሮች አንድ ድምፅ ይበረክታል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጡት መንደሮችም ሆነ በአዲሱ ገበያ ቁልቁለቶች፣ ብረት ከአስፋልት ጋር ሲፋጭ የሚሰማው ጆሮ የሚበሳ ድምፅ ነው። አያቶች ከደጃፋቸው ሆነው «ኧረ ይህ ልጅ ይሰበርብናል!» ይላሉ። ልጆቹ ግን ጣውላቸው ላይ ተቀምጠው፣ በገመድ እየመሩ ቁልቁል ወርደዋል። የመኪናቸው እግር ከጋራዥ የተጣለ አሮጌ ኩሽኔታ ነው።

ወላጅ በዚህ ጊዜ ሁለት ልብ ይሆናል። ልጁ በገዛ እጁ ሠርቶ መንዳቱ ያስደስታል፤ መኪና በሚመላለስበት ቁልቁለት መውረዱ ደግሞ ያስፈራል። ለመፍቀድም ሆነ ለመከልከል ግን መጀመሪያ ነገሩን ማወቅ ይበጃል።

ትንሿ ትራስ

ኩሽኔታ የሚለው ቃል እንደ ጎማ፣ ፍሬንና ካምቢዮ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ትርጉሙም «ትንሽ ትራስ» ማለት ነው። የሚሽከረከረው ብረት የሚያርፍበት ትራስ ስለሆነ ስሙ ይስማማዋል። ውስጡ ሲታይ አንዱ በአንዱ ውስጥ የገቡ ሁለት ቀለበቶች፣ በመካከላቸው የሚንከባለሉ የብረት ብዮች፣ ብዮቹን የሚለያይ ስስ ማቀፊያና ግራሶ አሉት።

ጥቅሙን ለልጅ ማሳየት ቀላል ነው። ከባድ መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው በአንድ ጣት እንዲገፋ ያድርጉት። ቀጥሎ ከመጽሐፉ ሥር እኩል መጠን ያላቸው ብዮች ደርድረው እንደገና ይግፋው። መጀመሪያ ይታገለው የነበረው መጽሐፍ አሁን በትንሽ ንክኪ ይሄዳል። የሚንሸራተት ነገር ይፋተጋል፤ የሚንከባለል ግን እጅግ ያነሰ ፍትጊያ አለው። ጤነኛ ኩሽኔታ ውስጥ ያለው ተቃውሞ ከተሸከመው ክብደት ከሺህ አንድና ሁለት እጅ ያህል ብቻ ነው።

ብዙ አእምሮ የደከመበት ዕቃ

ሐሳቡ የቆየ ነው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ከ500 ዓመት በፊት በማስታወሻው ላይ ብዮችን የሚለያይ ማቀፊያ ስሏል። እ.ኤ.አ. በ1794 ፊሊፕ ቮን የተባለ የዌልስ ሰው ለሠረገላ ዘንግ የሚሆን ባለ ብይ ኩሽኔታ በስሙ አስመዘገበ። በ1869 ደግሞ ጄምስ ሙር ከፓሪስ እስከ ሩዋን የተደረገውን የብስክሌት ውድድር ኩሽኔታ በተገጠመለት ብስክሌት አሸነፈ።

ችግሩ ብዮቹን እኩል ክብ አድርጎ መሥራት ነበር። አንዷ ብይ በጥቂቱ ከሌሎቹ ከበለጠች ሸክሙ ሁሉ በእሷ ላይ ይወድቃል። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፊሸር በ1883 ብዮችን እኩል አድርጎ የሚሞርድ ማሽን በሽቫይንፉርት ከተማ ሠራ። ከተማዋ የኩሽኔታ ማዕከል ሆነች። ኩሽኔታ ከሌለ አውሮፕላንም ታንክም ስለማይንቀሳቀስ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1943 የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች ደጋግመው የደበደቧት በዚሁ ምክንያት ነው።

ኩሽኔታ ስንት ጊዜ ያገለግላል የሚለውን ጥያቄ በሰፊው የመለሱት ሁለት ስዊድናውያን ተመራማሪዎች፣ ሉንድበርግና ፓልምግሬን፣ በ1947 ነው። ከብዙ ሙከራ የተገኘው ስሌት ለማንኛውም ባለ መኪና ቤተሰብ ይጠቅማል። በኩሽኔታ ላይ ያለው ጭነት እጥፍ ሲሆን ዕድሜው ግማሽ አይሆንም፤ ወደ ስምንት አንድ እጅ ይወርዳል። ጭነቱ በሩብ ብቻ ቢጨምር እንኳ ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ከልክ በላይ የሚጭን መኪና ጎማው አካባቢ ቶሎ መጮህ የሚጀምረው አንድም በዚህ ነው። ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚጨምር ጉርምርምታ ከሰሙ ለመካኒክ ማሳየትን አያዘግዩ።

ለመኪና አልሆንም ያለው ኩሽኔታ ለልጆች የሚሆነውም በዚሁ ስሌት ነው። ብዮቹ በሚሄዱበት መንገድ ላይ ትንሽ ቅርፊት ስለተላጠ መካኒኩ ይጥለዋል። ሕፃን ግን ከመኪና ጋር ሲነጻጸር ክብደቱ ኢምንት ስለሆነ ያው ኩሽኔታ ለወራት ይሸከመዋል።

ቁልቁለቱ አይምርም

እዚህ ላይ ነው ጉለሌ ከሌላው ሠፈር የሚለየው። ክፍለ ከተማው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው እንጦጦ ሥር የተዘረጋ ነው፤ ሜዳ ከማግኘት ቁልቁለት ማግኘት ይቀላል። ፍትጊያን የሚቀንሰው ዕቃ ደግሞ ሊያቆም የሚችለውንም ኃይል ይቀንሳል።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። ፍትጊያ ባይኖር፣ ከፍታው 2 ሜትር በሆነ ቁልቁለት የወረደ ልጅ ታች ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፍታው 5 ሜትር ከሆነ 36 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። በእውነተኛው መንገድ ፍጥነቱ ከዚህ ቢያንስም፣ መጠኑን ለመገመት ይረዳል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። የልጆቹ ፍሬን ደግሞ የጫማ ሶል ነው። በክረምት አስፋልቱ ሲረጥብ የብረቱ ጠርዝ ይንሸራተታል፤ ሕፃኑም መሬት ላይ ተጠግቶ ስለሚቀመጥ ሾፌር በቀላሉ አያየውም።

ምን እናድርግ?

ልጁ ሊሠራ ሲነሣ መዶሻውንና መጋዙን ከእሱ ጋር ይያዙ። መኪናው ላይ መሬት የሚረግጥ፣ ጎማ የተለበጠበት የእንጨት ፍሬን ይግጠሙለት። የሚጋልብበትን ቦታ እርስዎ ይምረጡ፤ መኪና የማይገባበት፣ መጨረሻው ሜዳ ወይም ዳገት የሆነ፣ በእግር ሲሄዱት ትንፋሽ የማያሳጥር ዝቅታ ይሁን። ታች የሚጠብቅ አዋቂ አይጥፋ። በ2011 ዓ.ም በአዲስ አበባ የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ቀን ሲኖር፣ ለተሽከርካሪ የተዘጋው አስፋልት ጥሩ ዕድል ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አይረሳ። ልጆች ብዮቹን ለማውጣት ኩሽኔታ በመዶሻ ይቀጠቅጣሉ። ብረቱ በሙቀት የጠነከረ ስለሆነ ሲሰበር ስለታም ስብርባሪው እንደ ጥይት ይፈናጠራል፤ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ይህን ጨዋታ ያለ ማመንታት ይከልክሉ። ትንንሾቹን ብዮችም ከሕፃናት አፍ ያርቁ።

የቀረውን አይከልክሉት። ልጁ «ለምን ይሄ በቀላሉ ይሽከረከራል?» ብሎ ከጠየቀዎት፣ ብዮቹንና መጽሐፉን አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ይደርድሩለት።