እንጨት መሳይ የማድ ቤት ወለል እንዴት ይመረጣል?

በቤት ውስጥ ካሉት ክፍሎች ሁሉ እንደ ማድ ቤት ወለሉ የሚደክምበት የለም። የእንግዳ መቀበያው ወለል የሚረገጠው በጫማ ብቻ ነው። የማድ ቤቱ ግን ውኃ ይፈስበታል፤ ዘይት ይንጠባጠብበታል፤ ድስት ይወድቅበታል፤ ፍም ይረግፍበታል። ይህም ሆኖ ብዙ ባለቤቶች ንጣፉን የሚመርጡት በመልኩ ብቻ ነው። በተለይም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እንጨት የሚመስል ንጣፍ በከተማ ሱቆች በብዛት ስለሚሸጥ፣ ኮንዶሚኒየም የደረሰውም ሆነ አሮጌ ቤቱን የሚያድሰው ሰው ሊሾውን በዚሁ ለመሸፈን ይመኛል። ምኞቱ የሚነቀፍ አይደለም። የእንጨት መልክ ለዓይን ይሞቃል፤ ቤትንም ያስከብራል። ነገር ግን እንጨት መምሰልና ውኃን መቻል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለ ሆኑ፣ የዕቁብ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ልዩነታቸውን መረዳት ያስፈልጋል።

በሱቅ ተደርድረው የምናያቸው እንጨት መሳይ ንጣፎች ላያቸው ቢመሳሰልም ውስጣቸው ለቄስ ነው። በጠቅላላው በሦስት ይከፈላሉ፤ እነርሱም ላሚኔት፣ ቪኒልና ሴራሚክ ናቸው።

ላሚኔት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. በስዊድን አገር የተፈለሰፈ ንጣፍ ነው። ሆዱ ተፈጭቶ፣ ከሙጫ ጋር ተዋሕዶ፣ በኃይል የተጨመቀ የእንጨት ቃጫ ነው። በዚያ ላይ የእንጨት ፎቶግራፍ የታተመበት ወረቀት ይለጠፍና ጠንካራ፣ ግልጽ ሽፋን ይደረግበታል። ሽፋኑ ራሱ ውኃ አያስገባም፤ ውኃው የሚገባው በሳንቃና በሳንቃ መጋጠሚያ ነው። ቃጫው ውኃ በጠጣ ጊዜ ያብጣል፤ ጠርዙም ወደ ላይ ይነሣል። ኋላ ቢደርቅ እንኳ እንደ ቀድሞው አይሆንም፤ መድኃኒቱ አውጥቶ መለወጥ ብቻ ነው። ነጋዴው «ይህ ኤሲ 4 ነው፤ ያኛው ኤሲ 5 ነው» ቢል፣ ቁጥሩ የሚናገረው ላዩ ፍግታን ለመቋቋም ያለውን ብርታት እንጂ ለውኃ ያለውን ብርታት አለመሆኑን ገዢው ይወቅ። ውኃ ይቋቋማል ተብሎ የሚሸጥ ላሚኔትም አለ፤ የዚህ ዓይነቱ ጠርዝ በሰም ወይም በሌላ መከላከያ የታከመ ስለ ሆነ የፈሰሰውን ውኃ ለተወሰነ ሰዓት ያግደዋል። መቋቋም ማለት ግን ጊዜ መስጠት እንጂ ለዘለቄታው መከልከል አይደለም።

ሁለተኛው ቪኒል ነው። ይህም በጥቅል የሚሸጠውና በሳንቃ ተቆራርጦ የሚመጣው ተብሎ ይለያል። ጥቅሉ አነስተኛ ማድ ቤት ያለ መጋጠሚያ ሊሸፍን ስለሚችል ርካሽና ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ይሁን እንጂ ስለታም ነገር ይቆርጠዋል። በሳንቃ ከሚመጡት መካከል ኤስፒሲ የሚባለው ሆዱ የኖራ ድንጋይ ዱቄትና ፒቪሲ ነው። የእንጨት ቃጫ የሌለበት ስለ ሆነ ውኃ አያሳብጠውም። ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሚሊሜትር ይወፍራል፤ ከዚህም ይልቅ መጠየቅ ያለበት የላይኛው ግልጽ ሽፋን ውፍረት ነው። 0.3 ሚሊሜትር ለመኖሪያ ቤት ይበቃል፤ 0.5 ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይቆያል።

የቪኒል ጠላት እሳት ነው። ፒቪሲ ወደ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለ ሆነ፣ ገና ከምድጃ የወረደ ድስት በላዩ ማስቀመጥ አይገባም። ከከሰል ምድጃ የወደቀች አንዲት ፍምማ የማይለቅ ጠባሳ ትታ ትሄዳለች። እንግዲህ ቡናዋን በማድ ቤት ውስጥ በከሰል የምታፈላ እመቤት፣ ቪኒል ብታስነጥፍ ጀበናውና ምድጃው የሚቀመጡበትን ቦታ በብረት ዝርግ ወይም በሴራሚክ መለየት ይኖርባታል።

ሦስተኛው የእንጨት መልክ የታተመበት ሴራሚክ ነው። ከዚህም ወገን ፖርሴሊን የሚባለው የላቀ ነው፤ በዓለም አቀፍ መለኪያ መሠረት የሚጠጣው ውኃ ከክብደቱ ከመቶ 0.5 አይበልጥም። ፍም አያቃጥለውም፤ ውኃ አያሳብጠውም። ጉድለቱ ቀዝቃዛና ደረቅ መሆኑ ነው፤ ብርጭቆ ከወደቀበት አይተርፍም። ከሁሉ የሚከፋው ግን የሚያብረቀርቀው ዓይነት ሲረጥብ ማንሸራተቱ ነው። በማድ ቤት ውስጥ አሮጊት እናት ወይም ነፍሰ ጡር የምትመላለስ ከሆነ፣ የመውደቅ አደጋ ከንጣፍ መበላሸት እጅግ የከበደ ጉዳት ነው። ስለዚህ ሻካራነት ያለውን መምረጥ ይገባል። በብዙ ካርቶኖች ላይ ከአር 9 እስከ አር 13 የሚደርስ ምልክት ይገኛል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን የማንሸራተቱ ነገር ይቀንሳል። ለቤት ማድ ቤት አር 10 ተስማሚ ነው።

ንጣፉ ከተመረጠ በኋላ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ይቀራል። ይኸውም ውኃ የማያስገባ ሳንቃና ውኃ የማያስገባ ወለል አንድ አለመሆናቸው ነው። ኤስፒሲው ራሱ ባያብጥም በመጋጠሚያውና በግድግዳው ሥር የሰረገ ውኃ ከበታቹ ይተኛል፤ ሻጋታና መጥፎ ሽታም ያመጣል። እርጥበት ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታች፣ ከሲሚንቶው ውስጥም ይመጣል። አዲስ የፈሰሰ ሲሚንቶ በጥሩ አየር እንኳ ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲሜትር ውፍረት አንድ ወር ያህል የመድረቂያ ጊዜ ይፈልጋል። ለመፈተን ቀላል ዘዴ አለ። ግማሽ ሜትር ያህል የሆነ ግልጽ ላስቲክ በሊሾው ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን በፕላስተር ማሸግና ማሳደር ነው። በማግሥቱ ላስቲኩ ከሥሩ ላብ ካወጣ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ ወለሉ ገና አልደረቀምና ባለሙያው እንዳይጀምር ይነገረው።

ተጋጣሚ ሳንቃ ከሙቀትና ከእርጥበት ጋር ስለሚላወስ በግድግዳው ዙሪያ ከ8 እስከ 10 ሚሊሜትር ክፍተት ሊተውለት ይገባል፤ ክፍተቱንም ዞኮሎ ይሸፍነዋል። በዕቃ ማጠቢያውና በበሩ አጠገብ ሲሊኮን ይሞላበት። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ የበርሜሉ ነገር መታሰብ አለበት። 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ሲሞላ ውኃው ብቻ 200 ኪሎ ይመዝናል። ይህን ሸክም በተጋጣሚ ሳንቃ ላይ ማሳረፍ ንጣፉ እንዳይላወስ ቸንክሮ መያዝ ስለ ሆነ መጋጠሚያውን ያላቅቀዋል። ለበርሜሉ በሲሚንቶው ላይ የራሱ ቦታ ይለይለት።

ከመግዛት በፊት ከነጋዴው አንድ ቁራጭ ናሙና መለመን ነውር የለውም። ውፍረቱን በሚሊሜትር ለክቶ፣ በሳፋ ውኃ ውስጥ ለ24 ሰዓት ነክሮ፣ እንደገና መለካት ነው። ያበጠ እንደ ሆነ የሱቁ ማስታወቂያ ምንም ቢል ለማድ ቤት አይሆንም። የሚገዛውን ልክ ለማወቅም ርዝመቱን በወርዱ አባዝቶ ለብክነት ከመቶ 10 መጨመር ያስፈልጋል። 3 ሜትር በ2.4 ሜትር የሆነ ማድ ቤት 7.2 ካሬ ሜትር ስለ ሆነ 8 ካሬ ሜትር ያህል ይበቃዋል። ካርቶኖቹም በአንድ ጊዜ የተመረቱ ይሁኑ፤ አለዚያ መልካቸው ይለያያል።

በአጭሩ፣ ከሰል የሚቀጣጠልበትና በርሜል የሚቆምበት ማድ ቤት ሻካራ ፖርሴሊን ይሻለዋል። ምግቡ በኤሌክትሪክ የሚበስልበት፣ እግር የሚያማቸው ሽማግሌዎች ያሉበት ቤት ኤስፒሲን ቢመርጥ ይጠቀማል። ላሚኔት ለመኝታ ቤትና ለእንግዳ መቀበያ ይቆይ። ምርጫው ሲደረግም አባወራው ብቻውን ሱቅ ሄዶ አይወስን። ውኃ የት እንደሚፈስ፣ ፍም የት እንደሚረግፍ፣ እግር የት እንደሚያንሸራትት የምታውቀው ወለሉን በየቀኑ የምትወለውለው ናት። ምክሯን ሳይሰሙ ገዝቶ ኋላ መጸጸት፣ ሳይመጥኑ ደቁሶ ድስት ጥዶ ማልቀስ ነው።