ሦስት ዲናሞ የበላችው ስፖርት መኪና
ዕቃው ተቀየረ፣ ገንዘቡም ወጣ፤ በሽታው ግን ሌላ ቦታ ነበር

ጥር የሠርግ ወር ነው። በአንዱ የጥር ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ጣሪያዋ የተገለጠ ቀይ ፊያት 124 ስፓይደር ሙሽሮች ይዛ ወደ ፎቶግራፍ መነሻው ቦታ በማምራት ላይ ሳለች መንገድ መካከል ቀጥ አለች። መኪናዋ የሁለት ሰው በመሆኗ የሚነዳው ሙሽራው ራሱ ነበር፤ ባለንብረቱ በሌላ መኪና ከኋላ ይከተላሉ። ቁልፉ ቢዞር ሞተሪኖው "ጠቅ" ከማለት በቀር መልስ አልሰጠም። ሙሽሮቹ በሚዜዎቹ መኪና ተሳፍረው ሄዱ። ባለንብረቱም ቀሪውን ሒሳብ መጠየቅ ቀርቶ የተቀበሉትን ቀብድ ጭምር መለሱ።

ስማቸው እንዲጠቀስ ያልፈለጉት እኚህ የጡረታ ባለመብት መኪናዋን ከአባታቸው ወርሰዋታል። ለዓመታት በሸራ ተሸፍና ከግቢ ቆማ ከኖረች በኋላ ባጠራቀሙት ገንዘብ አሳድሰው ለሠርግ ማከራየት ጀመሩ። "ሥራው ደህና ነበር። ነገር ግን ያገኘሁትን ሁሉ ዲናሞ በላው" ይላሉ። በስምንት ወር ጊዜ ውስጥ ሦስት ዲናሞ ተቃጥሎባቸዋል። ለሦስቱና አብሮ ለተገዛው አዲስ ባትሪ ያወጡት ገንዘብ የሁለት ሠርግ ኪራይ ያህል እንደሆነ ያሰላሉ።

ጉዳዩ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ መኪኖች በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ወስኗል። በዚያው ዓመት ከሐምሌ 22 ቀን ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን መደረጉም ከውጭ የሚመጣን መለዋወጫ አስወድዷል። በእጁ አሮጌ መኪና ያለው ሰው እርሷኑ ጠግኖ ከመንዳት ሌላ ምርጫው ጠቧል። በዚህ ጊዜ ያልተበላሸ ዕቃ አውጥቶ ሌላ መግዛት ትልቅ ኪሳራ ነው።

የላዳ ዘመድ

ፊያት 124 ስፓይደር ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1966 ቶሪኖ ላይ ሲሆን ምርቷ እስከ 1985 ዘልቋል። የቤተሰብ መኪናዋ ፊያት 124 እ.ኤ.አ. በ1967 በአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ ተመርጣለች። ሶቪየቶች ከ1970 ጀምሮ በቶልያቲ ከተማ ያመረቱት ላዳ መነሻው ይህችው 124 ናት። ለብዙ ዓመታት አዲስ አበባን በሰማያዊና በነጭ ቀለም ያመላለሰው የላዳ ታክሲ ከስፓይደሯ ጋር የአክስት ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

በዚህ ዝምድና ምክንያት የስፓይደር ዕቃ የጠፋበት ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ወደ ላዳ ነው። ሆኖም ዝምድናው የሚፈልጉትን ሁሉ አያስገኝም። የላዳ ሞተር ከስፓይደሯ ሞተር የተለየ በመሆኑ ዲናሞ የሚታሰርበት ብረትና የፑሌጃው አቀማመጥ ከስፓይደሯ ጋር አንድ አይደለም።

አንዱ ሲሄድ ሌላው ሲመጣ

መጀመሪያ የተቃጠለው ከመኪናዋ ጋር የመጣው ዲናሞ ነው። ዳዮዶቹ ተለውጠው፣ ካርቦኑም ታድሶ ተገጠመ። ስድስት ሳምንት ሠርቶ ክሩስኮቱ ላይ ያለችው ቀይ መብራት በራች። ሁለተኛው ከሶማሌ ተራ የተገዛ ያገለገለ የላዳ ዲናሞ ነበር። ይህም በሮንዴላ ተሞልቶ ስለታሰረ ፑሌጃው በመስመር አልዋለም፤ ቺንጋ ይበላል፣ ኩሽኔታው ይጮሃል። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ሄደ። ሦስተኛው "ካርቶን ያልወጣ" ተብሎ የተሸጠ አዲስ ዕቃ ነው። በሠርጉ ቀን ያዋረዳቸውም እርሱ ነው።

በየመካከሉ የተሰጠው ምክንያት ይለያያል። አንዱ "ዕቃው ኮፒ ነው" አለ። ሌላው "ባትሪው ደክሟል" ብሎ አዲስ ባትሪ አስገዛ። ሦስተኛው "ሬጉላተሩ ነው" ሲል ሬጉላተር ተለወጠ። ከእነዚህ ሁሉ ቴስተር ይዞ የለካ አንድም እንዳልነበር ባለንብረቱ ያስታውሳሉ።

በሽታው ሲገኝ

አራተኛው ዲናሞ ከመገዛቱ በፊት አንድ አንጋፋ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተጠሩ። እርሳቸው ዲናሞውን አስፈትተው በሌላ ከመተካታቸው በፊት መኪናዋ መቼ ቀለም እንደተቀባች ጠየቁ። መልሱ "ለኪራይ ስትዘጋጅ፣ ሞተር ወርዶ" የሚል ነበር። ሠራተኛውም የዲናሞው ሞት የጀመረው ከዚያ ወዲህ መሆኑን አረጋግጠው ኮፈን አስከፈቱ።

ለሙከራ በተገጠመ ዲናሞ ሞተሩ ተነስቶ፣ የፊት መብራትም በርቶ ተለካ። ከዲናሞው መውጫ እስከ ራሱ አካል ድረስ 15.2 ቮልት ተገኘ። ባትሪው ላይ ሲለካ ግን 13.1 ብቻ ነው። መካከል ላይ 2.1 ቮልት ጠፍቷል። በቀዩ ገመድ በኩል የጠፋው 0.2 ሲሆን፣ የቀረው 1.9 የጠፋው በመመለሻው በኩል ነው። ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው፣ ጋራዦች "ማሳ" የሚሉት ገመድ ቡሎኑ የታሰረው በአዲሱ ቀይ ቀለም ላይ ነበር። ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በቡሎኑ ጥርስ ብቻ ነበር። የገመዱ ጫፍ በእጅ ሲነካ ይፋጃል።

ይህ እንዴት ዲናሞ ይገድላል? በእንዲህ ዓይነቱ አሮጌ መኪና ሬጉላተሩ ከዲናሞው ተለይቶ በመኪናው አካል ላይ ይታሰራል። ሬጉላተሩ የሚያየው ባትሪው ዘንድ የደረሰውን ነው። ያነሰ ሲያይ "ጨምር" ይላል። ዲናሞው ያለ ዕረፍት በሙሉ ኃይሉ ይሠራል፣ ይግላል። በዚህ ላይ የላላው ማሳ መኪናዋ በነጠረች ቁጥር ይገናኛል፣ ይለያያል። በተለያየበት ቅጽበት የዲናሞው ቮልት በድንገት ስለሚዘል ዳዮዶቹን ያቃጥላል። ባትሪው "ደከመ"፣ ሞተሪኖው "ሰነፈ" የተባለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሞተሪኖው ኃይል የሚመለስበት መንገድም ያው ገመድ ነውና።

ቀለሙ በብርጭቆ ወረቀት ተፋቀ፣ ብረቱ ነጣ፣ አዲስ ወፍራም ገመድ ታሰረ፣ እንዳይዝግም ግራሶ ተቀባ። እንደገና ሲለካ ዲናሞው ላይ 14.2፣ ባትሪው ላይ 13.9 ሆነ። የዕቃው ዋጋ የአንድ ገመድና የአንድ ቡሎን ብቻ ነበር።

ሻጮቹስ ምን ይላሉ?

በሶማሌ ተራ ያነጋገርናቸው አንድ ነጋዴ "የኤሌክትሪክ ዕቃ ከወጣ አይመለስም" የሚለው ደንብ ጭካኔ ተደርጎ እንዳይታይ ይፈልጋሉ። "ደንበኛው ዲናሞውን የሞተ ባትሪ ላይ ይገጥመዋል፣ ወይም ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ያገላብጠዋል። በአንድ ሰከንድ ይቃጠላል። ከዚያ 'የሸጥክልኝ ዕቃ ብልሹ ነው' ብሎ ይመጣል" ይላሉ። በሌላ በኩል ያገለገለን ዕቃ ሳያስፈትሹ የሚሸጡ መኖራቸውን አልካዱም። በእርሳቸው አስተያየት ዕቃው ከሱቁ ሳይወጣ ሁለቱም ወገኖች ባሉበት ቢፈተሽ ጠቡ በግማሽ ይቀንሳል።

ባለንብረቱ በዚህ ይስማማሉ። ሦስተኛውን ዲናሞ የሸጣቸውን ሰው "አጭበርባሪ" ብለው በአደባባይ ተሳድበው ነበር። ጥፋቱ ከመኪናቸው መሆኑ ሲታወቅ ተመልሰው ይቅርታ ጠይቀዋል።

ለገዢ የሚጠቅም

ባለሙያው ዲናሞ ከመግዛት በፊት መደረግ ያለበትን እንዲህ ይዘረዝራሉ።

ቴስተር ይኑርዎ። ሞተር ጠፍቶ የቆየ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተር ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ቢሆን ደህና ነው። ከ15 ካለፈ ሬጉላተሩን ይጠርጥሩ። ከ13 በታች ከሆነ ግን ዲናሞውን ከመክሰስዎ በፊት ቺንጋውን፣ ቀዩን ገመድና ማሳውን ይለኩ።

የወደቀ ባትሪ በዲናሞ አይሞላ። ዲናሞ የተሠራው የጎደለውን ለመተካት ነው። ባዶ ባትሪ ለረጅም ሰዓት ከመጠን በላይ ያሠራዋል። አስቀድሞ በቻርጀር ይሞላ።

ሞተር እየሠራ የባትሪ ገመድ አይነቀል። "ዲናሞው ይሠራ እንደሆነ ልይ" ተብሎ በየጋራዡ የሚደረገው ይህ ሙከራ ደህናውን ዲናሞ የሚገድል ነው። በመኪናው ላይ ብየዳ ሲካሄድም ባትሪው ይነቀል።

ቺንጋ በልክ ይወጠር። የላላ ይንሸራተታል፣ የጠበቀ ኩሽኔታ ይበላል። በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቢወርድ ይበቃል። ከሌላ መኪና የመጣ ዲናሞ ከሆነ ፑሌጃው ከሞተሩ ፑሌጃ ጋር በቀጥታ መስመር መዋሉ ይታይ። ከላይ የሚንጠባጠብ ዘይት ካለም መጀመሪያ ይደፈን፤ ዘይት ካርቦኑን ያበላሻል።

ጭነቱን ያስሉ። በመጀመሪያዎቹ ላዳዎች ላይ የነበረው ዲናሞ 42 አምፔር ነው፤ ይህም ከ600 ዋት ያነሰ ነው። በሚኒሞ ደግሞ የሚሰጠው ከዚህ በብዙ ያንሳል። በትራፊክ ጭንቅንቅ ቆማ መብራት፣ ሙዚቃና ቬንትሌተር የምታሠራ መኪና የምትበላው ከባትሪዋ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነው የአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ዲናሞውን የማቀዝቀዝ አቅሙም ያነሰ ነው።

ይታደስ ወይስ አዲስ ይገዛ? አካሉና የመዳቡ ጥቅልል ደህና ከሆኑ ካርቦን፣ ኩሽኔታና ዳዮድ ለውጦ ነባሩን ማሳደስ ይሻላል ይላሉ ባለሙያው፤ በቦታው ልክ የተሠራ ነውና። ጥቅልሉ ነዶ የጠቆረ ከሆነ ግን ሌላ መፈለግ ነው።

በስፓይደሯ ላይ አሁን ያለው ዲናሞ የመጀመሪያው ነው። ባለንብረቱ ሳይጥሉት አስቀምጠውት ስለነበር ታድሶ ተመለሰ። መኪናዋ ከፋሲካ በኋላ ለአራት ሠርግ ወጥታ በሰላም ገብታለች። ከነዚህ አንዱ በጥር ወር መንገድ ላይ የቀሩት ሙሽራ የታናሽ ወንድም ሠርግ ሲሆን ለዚያ ቀን ኪራይ አልተጠየቀም።