ከአሻራ ወደ ፊርማ፣ ከፊርማ ወደ ሚስጥር ቁጥር

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ብዙ ጎልማሳ በሰነድ ላይ የሚፈርመው አውራ ጣቱን ቀለም እያስነካ ነበር። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ተካሂዶ የዩኔስኮን ሽልማት አስገኝቷል። ለተማሪው ግን ትልቁ ሽልማት ስሙን በገዛ እጁ መጻፉ ነበር። ያኔ በ20 ዓመታቸው ፊደል ያስቆጠሩ ወጣቶች ዛሬ ከ65 አልፈዋል። አሁን ተራው ተገልብጦ እነሱ ተማሪ፣ የልጅ ልጆቻቸው አስተማሪ ሆነዋል። መማሪያውም ስልክ ነው።

ትምህርቱ እንደ ቅንጦት የሚታይበት ጊዜ አልፏል። የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የመብራት ሂሳብ፣ የጡረታ ገንዘብና ከሩቅ የሚላክ ብር ቀስ በቀስ ወደ ስልክ ገብተዋል። በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መግዛት ሲቀር፣ ስልክ መነካካት የማይወዱ አዛውንት አሽከርካሪዎች ሳይቀሩ መማር ግድ ሆነባቸው። በዚህ ላይ ደግሞ በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው ፋይዳ የተባለው መታወቂያ መጣ።

እንቅፋቱ የት ነው?

«አርጅቻለሁ፤ ይህ ለእኔ አይሆንም» የሚለው ቃል ብዙ የሚጠገኑ ችግሮችን ይሸፍናል። የመጀመሪያው የሰውነት ነገር ነው። የንክኪ ስክሪን የሚሠራው የጣትን ኤሌክትሪክ አስተላላፊነት እየለየ ስለሆነ፣ በዕድሜ የደረቀ ቆዳ አንዳንዴ አይሰማውም። ቀስ ብሎ የሚያርፍ ጣት ደግሞ «ተጭኖ መያዝ» ተብሎ ይቆጠርና ያልተፈለገ ዝርዝር ይከፈታል። ሰውዬው ጥፋቱን በራሱ ላይ ያላክካል እንጂ ስልኩን አይጠረጥርም። የጽሑፉን መጠን ማሳደግና የመጫኛውን ጊዜ ከቅንብር ማስረዘም የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ሁለተኛው የፊደል ነገር ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ በኋላ በአማርኛ መጻፍ ቀሏል። ሆኖም አንዳንድ የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳዎች «ሰ»ን ለማግኘት የላቲን ፊደል ያስነካሉ። ሀሁ ቆጥሮ ኤቢሲዲ ላልቆጠረ ሰው ይህ በር ላይ የተቀመጠ ሁለተኛ በር ነው። አዛውንቶች የድምፅ መልእክትን የሚወዱት ስንፍና ይዟቸው ሳይሆን በሩን ስለሚያልፍላቸው ነው። በቁልፍ ስልክም ቢሆን *127# ደውሎ ያለ ኢንተርኔት ቴሌብርን መጠቀም ይቻላል።

ሦስተኛውና ትልቁ ፍርሃት ነው። ይህ ትውልድ ያደገው ሬዲዮና የልብስ ስፌት መኪና ያለ አግባብ ከነኩት በሚበላሽበት ቤት ነው። «ካበላሸሁትስ?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ ይመጣል። ስለዚህ ጥሩ አስተማሪ ቀድሞ የሚያሳየው የመላኪያውን ቁልፍ ሳይሆን ወደኋላ መመለሻውን ነው። መመለሻውን ያወቀ ለመሞከር አይፈራም።

ሌሎች እንዴት አስተማሩ?

ሲንጋፖር በ2020 እ.ኤ.አ. 1,000 «የዲጂታል አምባሳደሮችን» መልምላ አዛውንቶችን አንድ ለአንድ አስቀምጣ ማስተማር ጀመረች። ኒው ዮርክ ውስጥ በ2004 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውና ዛሬ «ሲኒየር ፕላኔት» በሚባለው ፕሮግራሙ የሚታወቀው ድርጅት ደግሞ ትምህርቱን ከዕለት ኑሮ ጋር፣ ከጤናና ከገንዘብ አያያዝ ጋር አስተሳሰረው። ጃፓናዊቷ ማሳኮ ዋካሚያ ከባንክ ሥራ ጡረታ ወጥተው ኮምፒውተር የተማሩ ሴት ሲሆኑ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. በ81 ዓመታቸው ለእኩዮቻቸው የሚሆን የስልክ ጨዋታ ሠርተዋል።

ከሁሉም የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው፤ ጎልማሳ የሚማረው የሚፈልገውን ነው። ለብዙ ኢትዮጵያውያን እናቶች የመጀመሪያው መምህር ኢሞ የተባለው የቪዲዮ ጥሪ መተግበሪያ ነበር። ቤይሩት ወይም ጅዳ ያለችውን ልጅ ፊት ለማየት ሲሉ ዋይፋይ ምን እንደሆነ ያለ ክፍልና ያለ ጥቁር ሰሌዳ ተማሩ።

የልጅ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ይቸኩላል። «እቴቴ፣ አምጪው እኔ ልሥራልሽ» ብሎ ስልኩን ይቀበላል። ሥራው ያልቃል፣ ትምህርቱ ይቀራል። የዲጂታል አምባሳደር ይሁን የጎረቤት ልጅ፣ መጀመሪያ ሊያከብረው የሚገባ ሕግ ስልኩን ከተማሪው እጅ አለመውሰድ ነው።

ሌባው በስልክ ሲመጣ

አሜሪካ ውስጥ በ2023 እ.ኤ.አ. ብቻ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ ሰዎች በኢንተርኔት ማጭበርበር ከ3.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ መነጠቃቸውን ኤፍቢአይ መዝግቧል። እኛ ጋ የሚሰሙት ዘዴዎች ቀላልና ተደጋጋሚ ናቸው። «በስህተት ብር ልኬብዎታለሁ፤ እባክዎ ይመልሱልኝ» የሚል ደዋይ ቀደም ብሎ እውነተኛ የሚመስል የጽሑፍ መልእክት ልኮ ይሆናል። መፍትሔው መልእክቱን ትቶ የራስን ቀሪ ሂሳብ መመልከት ነው። «ከባንክ ነው፤ የደረሰዎትን ኮድ ይንገሩኝ» የሚል ሲመጣ ደግሞ ስልኩን ዘግቶ ራስ መደወል ነው፤ ለቴሌብር 127፣ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 951። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አጥፊውን ይቀጣል፤ የሄደው ብር ግን በቀላሉ አይመለስም።

ማስፈራራት ብቻውን አይጠብቅም። «ምንም እንዳትነኪ» የተባለች እናት ከሌባ አትድንም፤ ጭራሽ ሚስጥር ቁጥሯን ለጎረቤት፣ ለሱቅ ልጅ፣ ለወኪል ሰጥታ «አንተው ሥራልኝ» ትላለች። ለአደጋ የሚዳርጋት ማወቋ ሳይሆን ያላወቀችውን በሰው እጅ ማሠራቷ ነው። በራስ መተማመንና ጥንቃቄ አንድ ትምህርት የሚሆኑት እዚህ ላይ ነው።

ለዚህ ሥራ የሚሆን ቦታ አገራችን አታጣም። እድሩ፣ ማኅበሩና ጽዋው በየወሩ አዛውንቶችን ያሰባስባሉ። ከእድር ስብሰባ በኋላ ግማሽ ሰዓት፣ በቋንቋቸው፣ በየራሳቸው ስልክ፣ አንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ ቢማሩ በዓመት 12 ነገር ያውቃሉ። ለሽማግሌ ሚስጥር ቁጥርንም በባዕድ ቃል ማስረዳት አያስፈልግም። ፊርማ ነው ማለት ይበቃል። በ1971 ብዕር ይዘው ስማቸውን የጻፉ ሰዎች ለሌላ እንዲፈርምላቸው የማይሰጡት ነገር ምን እንደሆነ ያውቃሉ።