ግሎቡሊን ምንድን ነው? ከክትባትስ በምን ይለያል?

በሰሜን አዲስ አበባ፣ በጉለሌ፣ ከቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ብዙም ሳይርቅ፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ፓስተር» እያለ የሚጠራው ሰፈር ይገኛል። ስሙን ያገኘው በአካባቢው ከነበረው የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። ተቋሙ ከዚያ ወዲህ ስሙን ደጋግሞ የቀየረ ሲሆን፣ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይባላል። በዕድሜ ጠና ያሉ የከተማዋ ነዋሪዎች ግን ስፍራውን የሚያስታውሱት ከሁሉ አስቀድሞ በእብድ ውሻ በሽታ መከላከያው ነው። ውሻ የነከሰው ሰው ፓስተር ሄዶ መርፌ መወጋት እንዳለበት ሁሉም ያውቅ ነበር።

ይሁን እንጂ «መርፌ» የሚለው ቃል ፈጽሞ የተለያዩ ሁለት ነገሮችን በአንድነት ይሸፍናል። አንደኛው ክትባት፣ ሁለተኛው ኢሚዩኖግሎቡሊን ነው። የሁለቱን ልዩነት ለመረዳት «ግሎቡሊን» የተባለውን የሕክምና ቃል ከመሠረቱ እንመልከት።

የቃሉ አመጣጥ

ከደም ውስጥ ሕዋሳቱ ተለይተው ሲወጡ የሚቀረው ቢጫማ ፈሳሽ ፕላዝማ ይባላል። በ100 ሚሊ ሊትር ፕላዝማ ውስጥ 7 ግራም ያህል ፕሮቲን ይገኛል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ኬሚስቶች እነዚህን ፕሮቲኖች የለዩዋቸው በአሟሟታቸው ነበር። በንጹሕ ውኃ የሚሟሙትን አልቡሚን አሏቸው፤ ቃሉ በላቲን «ነጭ» ከሚለው የመጣ ሲሆን የእንቁላልን ነጭ ክፍል ያስታውሳል። በንጹሕ ውኃ በቀላሉ የማይሟሙትን፣ ጥቂት ጨው ሲጨመርበት ግን የሚሟሙትን ግሎቡሊን አሏቸው፤ ይህም በላቲን «ትንሽ ድቡልቡል ነገር» እንደማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1937 ስዊድናዊው ሳይንቲስት አርኔ ቲሴሊየስ በሴረም ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይል በማሳለፍ ፕሮቲኖቹ በተለያየ ፍጥነት እንደሚጓዙ አሳየ። ከሁሉ የሚፈጥነው አልቡሚን ሲሆን፣ ግሎቡሊኖቹ በሦስት ተከፍለው አልፋ፣ ቤታ እና ጋማ ተባሉ። በ1939 ቲሴሊየስ ከአሜሪካዊው ኤልቪን ካባት ጋር ሆኖ በሽታን የሚከላከሉት ፀረ እንግዳ አካላት በአብዛኛው የሚገኙት በጋማው ክፍል እንደሆነ አረጋገጠ። «ኢሚዩኖግሎቡሊን» የሚለውን የጋራ ስያሜ የዓለም ጤና ድርጅት ያጸደቀው በ1964 ነው።

ከዚህ እንደምንረዳው ግሎቡሊን የአንድ ፕሮቲን ስም ሳይሆን የቤተሰብ ስም ነው። ከአልፋዎቹ አንዱ መዳብን ይይዛል፤ ከቤታዎቹ አንዱ ብረትን ያጓጉዛል፤ ጋማዎቹ ደግሞ ሰውነትን ከበሽታ ይከላከላሉ።

የቃሉ አጠቃቀም

በላቦራቶሪ የውጤት ወረቀት ላይ «ግሎቡሊን» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ብዙውን ጊዜ በቀጥታ የተለካ አይደለም። ከጠቅላላው ፕሮቲን ላይ አልቡሚን ተቀንሶ የሚገኝ ልዩነት ነው። ጠቅላላው 7.2፣ አልቡሚኑ 4.2 ግራም ከሆነ ግሎቡሊኑ 3 ግራም ነው ማለት ነው። ቁጥሩ መላውን ቤተሰብ በጅምላ ስለሚገልጽ ብቻውን ለየትኛውም በሽታ ማረጋገጫ አይሆንም።

ተማሪዎች ይህን ቃል ከሄሞግሎቢን ጋር ሲያምታቱትም ይታያል። ሄሞግሎቢን በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ሆኖ ኦክስጅንን የሚያጓጉዝ ፕሮቲን እንጂ ከፕላዝማ ግሎቡሊኖች አንዱ አይደለም።

ቃሉ በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ሲገኝ ደግሞ ሌላ ትርጉም ይዞ ይመጣል። በዚህ ጊዜ ከሌላ ሰው ወይም ከፈረስ ደም ተለይቶ የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል ማለት ነው። ክትባት ሰውነት የራሱን መከላከያ እንዲሠራ የሚያስተምር ሲሆን፣ ኢሚዩኖግሎቡሊን ግን ተሠርቶ ያለቀ መከላከያ ነው። የመጀመሪያው ጊዜ ይፈልጋል፤ ትዝታው ግን ይቆያል። ሁለተኛው ወዲያው ይሠራል፤ ነገር ግን በሳምንታት ውስጥ እየመነመነ ይጠፋል።

ልዩነቱ ሕይወት ሲሆን

በእብድ ውሻ በሽታ ይህ ልዩነት የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። ክትባቱ በቂ ፀረ እንግዳ አካል ለማስገኘት ከ7 እስከ 14 ቀናት ያህል ይፈጅበታል። ቫይረሱ በዚህ ጊዜ ውስጥ ከቁስሉ ወደ ነርቭ ሊገባ ይችላል። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1954 በኢራን አንድ ያበደ ተኩላ በአንድ ሌሊት 29 ሰዎችን ነከሰ። የኢራን ፓስተር ኢንስቲትዩት ራሳቸው ላይ ከቆሰሉት መካከል ለ5ቱ ክትባት ብቻ፣ ለ13ቱ ክትባትና ፀረ እንግዳ አካል ያለበት ሴረም ሰጠ። ከ5ቱ 3ቱ ሲሞቱ፣ ከ13ቱ የሞተው 1 ብቻ ነበር። ሁለቱን አጣምሮ መስጠት የተለመደ ሕክምና እንዲሆን ይህ ውጤት ትልቅ ድርሻ ነበረው።

በጉለሌ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የተመረተው ክትባት ፌርሚ የሚባለው ዓይነት ነበር። ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ ሲሆን፣ ለ14 ተከታታይ ቀናት በሆድ ቆዳ ሥር ይሰጥ ነበር። በውስጡ ባለው የአንጎል ሥጋ ምክንያት አልፎ አልፎ የነርቭ ጉዳት ስለሚያስከትል፣ የዓለም ጤና ድርጅት በምትኩ በሕዋስ ውስጥ የሚራባው ዘመናዊ ክትባት እንዲሰጥ ይመክራል። ዘመናዊው ክትባት ከቀድሞው እጅግ የተሻለ ቢሆንም ጊዜ የሚፈልግ መሆኑ አልቀረም። ስለዚህ ደም እስኪወጣ በጥልቅ የተነከሰ፣ ቀደም ሲልም ያልተከተበ ሰው ኢሚዩኖግሎቡሊንም ያስፈልገዋል። መድኃኒቱ በተቻለ መጠን በቁስሉ ውስጥና ዙሪያውን ይወጋል። የሚሰጠውም ከመጀመሪያው ክትባት ጋር ነው፤ ቢዘገይ እንኳ ከ7 ቀን ማለፍ የለበትም፤ ከዚያ በኋላ ሰውነት የራሱን መሥራት ይጀምራልና።

ኢሚዩኖግሎቡሊን ውድ በመሆኑ በየጤና ተቋሙ አይገኝም። አልተገኘም ተብሎ ግን ክትባቱ ለአንድ ቀንም ሊዘገይ አይገባም። ከሁሉም በፊት ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ ማንም በቤቱ ሊያደርገው የሚችል ሕክምና ነው።

እንግዲህ ከመካከላችን ታናሽ ወንድሙን ወይም ጎረቤቱን ይዞ ወደ ጤና ተቋም የሚሄድ ቢኖር፣ «መርፌ ተወግቷል» የሚለው መልስ ብቻ አይብቃው። የተሰጠው ክትባት ነው? ወይስ ኢሚዩኖግሎቡሊን? ወይስ ሁለቱም? ብሎ ይጠይቅ።