መጀመሪያ ማን ይየው?

ለጀማሪ ፊልም ሠሪዎች የሚሰጥ ሥልጠና አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው በካሜራው ዓይነት፣ በአሠልጣኙ ስምና በመጨረሻ በሚታደለው የምስክር ወረቀት ነው። የተሠራውን ፊልም ለሰው ማሳየት እንደ ምረቃ ድግስ ይቆጠራል፤ ጊዜና ገንዘብ ከተረፈ ይደረጋል፣ ካልተረፈ ይቀራል። በነባር ሕዝቦች ዘንድ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የተካሄዱት ሥልጠናዎች ግን ማሳየቱ የትምህርቱ እኩሌታ መሆኑን ያስረዳሉ። ፊልሙን መጀመሪያ ማን እንደሚያየው የሚያውቅ ሠልጣኝ ካሜራውን የሚተክልበት ቦታ ሳይቀር ይለያል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለዚህ ከብራዚሉ ተሞክሮ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። ፊልም ሠሪው ቪንሰንት ካሬሊ በ1986 «ቪዲዮ ናስ አልዴያስ»፣ ማለትም «ቪዲዮ በመንደሮች» የተባለውን ሥራ ሲጀምር ሐሳቡ ሥልጠና አልነበረም። ካሜራና ቴሌቪዥን ይዞ ናምቢኳራ የተባሉት ነባር ሕዝቦች ዘንድ ሄደ፤ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ የሚደረግላትን ሥርዓት ቀረጸና ለዚያው ለመንደሩ ሰው መልሶ አሳየ። ተመልካቹ አልወደደውም። በስክሪኑ ላይ ያየው ሰው ከመጠን በላይ ልብስ የለበሰ፣ እሱን የማይመስል ሰው ነበር። ሥርዓቱ እንደገና ተዘጋጀ፤ ልብስ ወለቀ፣ ገላ በቀለም ተቀባ። ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ ለሃያ ዓመት ገደማ ተትቶ የኖረው የወጣት ወንዶችን አፍንጫና ከንፈር የመብሳት ልማድ ካሜራው ፊት ተመለሰ። ይህን ሁሉ እርማት ያመጣው የፊልም አስተማሪ ሳይሆን ምስሉ የራሱ የሆነው ሰው ነው።

መደበኛው ሥልጠና የመጣው ዘግይቶ፣ በ1997 ሺንጉ በተባለው የነባር ሕዝቦች ክልል ነው። ቀጥሎም ማሪ ኮሬያ የተባለችው ባለሙያ ዣን ሩሽ ፓሪስ ውስጥ ካቋቋመው የአቴሊዬ ቫራን ትምህርት ቤት የቀሰመችውን ዘዴ አመጣች። ቀን ሠልጣኙ ብቻውን ይቀርጻል፤ ከኋላው ቆሞ «ወደ ግራ አዙር» የሚለው የለም። ማታ የቀኑ ቀረጻ ሳይቆረጥ፣ ከነስሕተቱ በመንደሩ ሰው ፊት ይታያል። ጀማሪ ሁሉ ዙም ያበዛል፣ ካሜራውን ያቅበጠብጣል፣ ፊት ላይ ይሄድና ሥራውን ይረሳል። ቅርጫት የምትሠራ ሴት ተቀርጻ የታየው ፊቷ ብቻ ከሆነ፣ ሙያውን የምታውቅ ጎረቤት «እጇስ?» ብላ ትጠይቃለች። የመማሪያ መጽሐፍ ስለ ሾት ስፋት በሦስት ገጽ የሚያብራራውን ያች አንዲት ቃል ትጨርሰዋለች፤ ሠልጣኙም በማግስቱ ትራይፖዱን ይዞ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል።

በካናዳ ነገሩ የተጀመረው ከላይ ነው። ብሔራዊ የፊልም ቦርዱ በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ ከነባር ሕዝቦች የተውጣጣ የቀረጻ ቡድን አሠለጠነ። ከቡድኑ አባላት አንዱ የነበረው የሞሃክ ተወላጁ ማይክል ካነንታከሮን ሚቸል የአክወሳስኔ ነዋሪዎች በ1968 ድልድይ ዘግተው ያደረጉትን ተቃውሞ አስቀረጸ፤ ፊልሙም በ1969 ወጣ። በዳይሬክተርነት የእሱ ስም የሰፈረው ግን ብዙ ዐሥርት ዓመታት ቆይቶ ነው። ከሥልጠና የወጣ ሥራ የማን ተብሎ ይመዘገባል የሚለው ጥያቄ ዛሬም አልጠፋም፤ ስለዚህ ውሉ ካሜራው ከሳጥኑ ከመውጣቱ በፊት ቢጻፍ ይሻላል።

«ዋፒኮኒ ሞቢል» የመጣው ደግሞ ከሐዘን ነው። ማኖን ባርቦ የተባለችው የኩቤክ ፊልም ሠሪ ከዐሥራ አምስት ያህል የአቲካሜክ ሕዝብ ወጣቶች ጋር ስክሪፕት እየጻፈች ሳለ፣ ከመካከላቸው ዋፒኮኒ አዋሺሽ በ2002 ቆሞ ከነበረ የግንድ ጭነት መኪና ጋር በደረሰ አደጋ ሞተች። ሃያ ዓመቷ ነበር። በስሟ የተሰየመው ተንቀሳቃሽ ስቱዲዮ በ2004 ሥራ ጀመረ። ስቱዲዮው የመኖሪያ መኪና ነው፤ መኝታ ክፍሉ ኤዲቲንግ ቤት ሆኗል፣ የገላ መታጠቢያዋ ጠባብ ክፍል ድምፅ መቅጃ ሆናለች። መኪናው አንድ መንደር ሲደርስ ለአንድ ወር ያህል ይቆማል፤ አብረው የሚመጡት ወጣት ፊልም ሠሪዎች ያሠለጥናሉ፣ ከወጣቶቹ ጋር የሚውል የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛም አለ። ይህ የመጨረሻው ሰው በብዙ ሥልጠና በጀት ላይ እንደ ቅንጦት ይሰረዛል። ሥራው በቅርብ ሲታይ ግን ጠዋት ሳይመጣ የቀረውን ሠልጣኝ ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚጠይቀው እሱ ነው። ያለ እሱ የተጀመረው ፊልም ብዙ ጊዜ አያልቅም።

ወሩ የሚዘጋው በመንደሩ በሚደረግ ትርኢት ነው። አጎቶች፣ አክስቶችና አያቶች በተሰበሰቡበት የራሱን ፊልም የሚያስከፍት ልጅ የሚፈራው ፍርሃት የትም ፌስቲቫል ላይ አይገኝም፤ በከተማ የማያውቀው ሰው ቢተቸው ይረሳዋል፣ እዚህ ግን ነገ ሱቅ ሲሄድ ያገኛቸዋል። ኬቨን ፓፓቲ የተባለው የአኒሺናቤ ፊልም ሠሪ የአራት ትውልድ ቋንቋ እንዴት እየሳሳ እንደሄደ በጥቂት ደቂቃ ያሳየበት አጭር ፊልምም፣ በፈረንሳይኛና በአልጎንኪን የሚያዜመው የራፐሩ የሳሚያን የመጀመሪያ ሥራም ከዚህች መኪና የወጡ ናቸው።

ሰንዳንስ የሚባለውን የአሜሪካ ፌስቲቫል ኢትዮጵያዊ ተመልካች በይበልጥ ያወቀው «ድፍረት» የተባለው ፊልም በ2014 የተመልካቾችን ሽልማት ሲያገኝ ነው። ተቋሙ ግን በ1981 ሲጀመር ሥራው ፌስቲቫል ሳይሆን «ላብ» (lab)፣ ማለትም የሙከራ ዐውደ ጥናት ነበር። በላቡ ዳይሬክተሩ ከስክሪፕቱ የተመረጡ ትእይንቶችን ከተዋንያን ጋር ይቀርጻል፣ ኤዲት ያደርጋል፣ ነባር ባለሙያዎች አይተው አስተያየት ይሰጡታል፤ የተቀረጸው ለፊልሙ አይውልም። የሚጣል ነገር መሥራት ያስፈለገው ሰው ያለ ሥጋት እንዲሳሳት ነው። የማኦሪው ታይካ ዋይቲቲና የሴሚኖልና የመስኮጊ ተወላጁ ስተርሊን ሃርጆ የመጀመሪያ ረጅም ፊልሞቻቸውን በእነዚህ ላቦች አልፈው በ2007 በዚያው ፌስቲቫል አሳዩ። ሁለቱ በ2021 አብረው የፈጠሩት «ሪዘርቬሽን ዶግስ» የተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ የተቀረጸው በሃርጆ አገር በኦክላሆማ ነው። የላቡ አደጋ መጀመሪያ የሚያየው ሰው የውጭ ባለሙያ መሆኑ ነው። «ይህ ለተመልካች ግልጽ አይደለም» ሲባል የትኛው ተመልካች እንደሆነ ካልተጠየቀ፣ ለአገሬው ሰው ቀልድ የሆነው ንግግር ለእንግዳ ሲባል ማብራሪያ ይሆናል።

የአውስትራሊያው መንገድ ዘገምተኛ ነው፤ ዘገምተኛነቱም ጠቅሞታል። በ1980 አሊስ ስፕሪንግስ ላይ የተቋቋመው የአቦርጂናል መገናኛ ማኅበር ካሜራማኖች ያፈራ ነበር። የፊልም ኮሚሽኑ የነባር ሕዝቦች ክፍል በ1996 «ከአሸዋ ወደ ሴሉሎይድ» በሚል ስም ስድስት አጫጭር ፊልሞችን አሠርቶ አወጣ፤ በ1998 ሌላ ዙር ቀጠለ። ከመጀመሪያዎቹ ስድስቱ አንዱን የሠራው በዚያው በአሊስ ስፕሪንግስ ማኅበር ያደገው ዋርዊክ ቶርንተን ነው። «ሳምሶንና ደሊላ» የተባለው ረጅም ፊልሙ በካን ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ፊልም የሚሰጠውን የወርቃማ ካሜራ ሽልማት ያገኘው በ2009፣ ማለትም ከዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ነው። በመካከሉ አጫጭር ፊልሞች ሠርቷል፣ ለሌሎች ካሜራ ይዟል። የሁለት ሳምንት ሥልጠና ሰጥቶ በዓመቱ «ውጤቱ የታለ?» የሚል ደጋፊ ይህን የጊዜ ስሌት ቢመለከተው ጥሩ ነው።

በማሳየት ላይ ተግባራዊ ችግሮች አሉ። የመንደር አዳራሽ ድምፅ ያስተጋባል፤ በሄድፎን የተስተካከለ ንግግር እዚያ ይጠፋል፣ አዛውንቶችም አይሰሙትም። ስለዚህ ከትርኢቱ ቀን ቀደም ብሎ አዳራሹ ውስጥ መሞከር ያስፈልጋል። በብዙ የአቦርጂናል ማኅበረሰቦች የሞተን ሰው ምስል ማየትና ስሙን መስማት ነውር ስለሆነ ከፊልሙ በፊት ማሳሰቢያ ይነበባል። ለማያውቀው ሰው መታየት የሌለበት ሥርዓትም አለ። ፈቃድ የሚጠየቀው ከቀረጻ በፊትና እንደገና ከኤዲቲንግ በኋላ ነው፤ ፖስተሩ በሚለጠፍበት ቀን መጠየቅ ማስገደድ ይሆናል።

ከመንደሩ ቀጥሎ ያለው ደረጃ የነባር ሕዝቦች የራሳቸው ፌስቲቫል ነው። የቶሮንቶው «ኢማጂንኔቲቭ» ከ2000 ጀምሮ ይካሄዳል። በሰሜን ፊንላንድ ኢናሪ ላይ ሳሚ የተባሉት ነባር ሕዝቦች ከ1999 ጀምሮ በጥር ብርድ የሚያዘጋጁት «ስካብማጎቫት» ደግሞ ሲኒማው ደጅ ነው፤ ስክሪኑ ከበረዶ ይሠራል፣ ተመልካቹ ብርዱን ለመቋቋም ወፍራም ልብስ ተደራርቦ ይቀመጣል። እንዲህ ባለ ቦታ አንድ ጀማሪ ሳሚ ፊልሙን የሚያሳየው ቋንቋው ሌላ ቢሆንም ጉዳዩ ለማይጠፋው ሰው ነው። ለምሳሌ ከማኦሪ የመጣ እንግዳ አጋዘን ባያውቅም መሬት መነጠቅን ያውቃል።

በሰሜን ካናዳ የኢግሉሊክ መንደር ኢኑይት ፊልም ሠሪ ዛካሪያስ ኩኑክ ይህን ከመንደር ወደ ውጭ የሚሄድ ቅደም ተከተል ሳያዛባ ሄዷል። የቀረጻቸውን የድንጋይ ቅርጾች ሸጦ በ1981 የመጀመሪያ ቪዲዮ ካሜራውን ገዛ። «አታናርጁዋት» የተባለው በኢኑክቲቱት ቋንቋ የተሠራ ረጅም ፊልሙ መጀመሪያ የታየው በዲሴምበር 2000 በዚያው በኢግሉሊክ ነው፤ ካን የሄደውና ወርቃማ ካሜራውን ያገኘው በቀጣዩ ዓመት ነው። የኩኑክ የፊልም ኩባንያ በ2008 ፊልሞቹን በኢንተርኔት ማሳየት ሲጀምር የሰሜኑ መንደሮች መስመር በጣም ቀርፋፋ ነበር፤ ስለዚህ ፊልሞቹን የሚያከማቹ መሣሪያዎች በየመንደሩ ተተከሉ፤ የመንደሩ ሰው የራሱን ፊልም እዚያው ካለው ማከማቻ ማየት ቻለ።