እስኪጮህ ለምን እንጠብቃለን?

ከማቻከል መጥቶ ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይቶ የሚማር አንድ ወጣት እናስብ። መጀመሪያ እንቅልፍ ይነሳዋል። ቀጥሎ ውጤቱ ይወርዳል፤ ከጓደኞቹ ይርቃል፤ ጎረቤት ባወራ ቁጥር «የሚያሙት እኔን ነው» ይላል። በሶና ድርቆሽ ይዛ የመጣችው እናቱ ግን ዝምታውን አይታ «ልጄ አደብ ገዛልኝ» ብላ ደስ ብሏት ትመለሳለች።

ሳይኮሲስ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚያሰማ፣ የሌለውን ነገር እውነት የሚያስመስል ሕመም ነው። ብዙ ጊዜ በወጣትነት ይጀምራል፤ ከመግባቱ በፊትም ለወራት እንዲህ በዝምታ ሊቆይ ይችላል። ምልክቱ የታየበት ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ አብዛኞቹ እዚያ አይደርሱም። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው በአመዛኙ ምክር፣ በቂ እንቅልፍ፣ ከጫት መራቅና ክትትል ነው። ሕመሙ ከገባ በኋላ ግን ሳይታከም በቆየ ቁጥር ማገገሙ ይከብዳል።

በጎጃም ለዚህ ሕመም ምክንያት አይጠፋም። የቆሎ ተማሪ ከሆነ «አብሾ ጠጥቶ ነው» ይባላል፤ ካልሆነ ዛር፣ መተት ወይም ቡዳ ነው። (አብሾ በእርግጥም አእምሮ የሚያውክ መርዝ አለው፤ የጠጣ ሰው ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይሂድ።) ሐኪም ትዝ የሚለን ልጁ ልብሱን ቀድዶ፣ ሰው መትቶ፣ በገመድ ከታሰረ በኋላ ነው።

በአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል በ1,044 ታካሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት፣ ግማሾቹ የአእምሮ ሕመማቸው ከጀመራቸው 38 ሳምንትና ከዚያ በላይ ቆይተው እንደመጡ አሳይቷል። 31 በመቶ ያህሉ አስቀድመው ካህን ዘንድ ወይም ጸበል ሄደው ነበር። መዘግየቱ ግን የሚቀየር ነገር ነው። በኖርዌይ አንድ አካባቢ ምልክቶቹን በጋዜጣና በትምህርት ቤት ለሕዝቡ ሲያስተምሩ፣ ሳይኮሲስ ሳይታከም የሚቆይበት ጊዜ ከ26 ሳምንት ወደ 5 ወረደ፤ ትምህርቱ ሲቋረጥ መልሶ ረዘመ።

ጸበሉ ይቅር አልልም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናግረዋል። ለአእምሮ ሕመምም እንዲሁ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ክኒኑን አቋርጡ ሲባል ነው።

ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል፤ ራቅ ያለ ቤተሰብ በቅርቡ ካለው ጤና ጣቢያ ይጀምር። እንቅልፉ መቼ እንደተዛባ፣ ምን እንደሚሰማ፣ ምን እንደቃመ ወይም እንደጠጣ ይንገሩ። ተመሳሳይ ሕመም የነበረበት ዘመድ ካለም አይደብቁ።